የጤፍ ኤስ አር ዘረመሎችና አሳሳቹ የአር ኤን ኤ ቆጠራ

በአራዳና በፒያሳ ወፍጮ ቤቶች ጤፍ የሚለየው በቀለሙ ነው፤ ነጭ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ ይባላል። ከዚያ ብዙ ሳይርቅ፣ በአራት ኪሎ የሳይንስ ግቢ፣ ስለ ጤፍ ልዩነት የሚነሣው ጥያቄ ወደ ዘረመል ይወርዳል። በዘርፉ የተለመደ አንድ አካሄድ አለ፤ ተክሉ ውኃ ሲያጣ የትኛው ዘረመል ብዙ አር ኤን ኤ እንደሚሰጥ ይቆጠራል፤ የበዛውም ድርቅን ለመቋቋም እንደሚረዳ ይገመታል። ግምቱ ለብዙ ዘረመሎች ያገለግላል። ለአንድ ቤተሰብ ግን አሳሳች ነው፤ ያም ቤተሰብ የብዙ ሌሎች ዘረመሎችን ንባብ የሚወስን ነው።

ከዘረመል የተቀዳ ጥሬ አር ኤን ኤ ፕሮቲን ለመሥራት ገና ዝግጁ አይደለም። ኢንትሮኖቹ ተቆርጠው መውጣት፣ ኤክሶኖቹም መጋጠም አለባቸው፤ ሂደቱ ስፕላይሲንግ ይባላል። የትኛው ኤክሶን እንደሚገባና የትኛው እንደሚዘለል በመወሰን ረገድ፣ ሰሪንና አርጂኒን የበዙባቸው ኤስ አር ፕሮቲኖች ትልቅ ድርሻ አላቸው። ይሁን እንጂ እነዚህን ፕሮቲኖች የሚያስገኙት ዘረመሎች ራሳቸው ከዚሁ መቀስ አላመለጡም። እ.ኤ.አ. በ2007 በካሊፎርኒያ የሚሠሩ ሁለት ቡድኖች የሰው ኤስ አር ዘረመሎች መልእክታቸውን የሚያበላሽ የቁርጥራጭ አማራጭ በውስጣቸው እንደያዙ አሳዩ። ብዙ ጊዜ ይህ “መርዛማ ኤክሶን” የሚሉት ነው፤ ሲገባ መልእክቱ ያለ ጊዜው የማቆሚያ ምልክት ይይዛል፤ ሕዋሱም መልእክቱን ያጠፋዋል። ፕሮቲኑ ሲበዛ በገዛ አር ኤን ኤው ላይ ዐርፎ መርዛማው ክፍል እንዲገባ ሊያደርግ፣ በዚያም የራሱን ምርት ሊቀንስ ይችላል። ዘረመሉ እየተቀዳ ነው፤ ፕሮቲኑ ግን አይሠራም። የአር ኤን ኤ ቆጠራ ብቻውን ይህን አያይም።

በዕፀዋት ዘንድ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። የጎመን ዘመድ በሆነችው አራቢዶፕሲስ ከ20 የማይበልጡ ኤስ አር ዘረመሎች ወደ 95 የሚደርሱ የተለያዩ መልእክቶችን እንደሚሰጡ ተዘግቧል፤ ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቁም የመልእክቶቹ ድርሻ ይለዋወጣል። ኤስ አር 30 የተባለው ፕሮቲን ከመጠን በላይ እንዲመረት ሲደረግ የራሱን ብቻ ሳይሆን የቤተሰቡን ሌላ አባል ስፕላይሲንግም ለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2014 ከቦነስ አይረስ የወጣው ሥራ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያስደንቃል፤ ብርሃን አር ኤስ 31 የተባለውን ዘረመል ስፕላይሲንግ የሚለውጠው ከክሎሮፕላስት በሚነሣ ምልክት ነው፤ ምልክቱም ብርሃን እስከማያይ ሥር ድረስ ይዘልቃል።

ጤፍስ? እ.ኤ.አ. በ2014 “ፀደይ” የተባለው ዝርያ፣ በ2020 ደግሞ “ዳቢ” የተባለው ጂኖማቸው ታትሟል። ጤፍ 40 ክሮሞሶሞች አሉት፤ ከሁለት ጥንታዊ ወላጆች የመጡ ሁለት ሙሉ ጂኖሞችን የያዘ ነው፤ አብዛኞቹ ዘረመሎቹም ጥንድ ሆነው ቆይተዋል። እንግዲህ አንዱ ጥንድ የሚሠራው ኤስ አር ፕሮቲን የሌላውን ጥንድ መልእክት ቢያመክን አያስገርምም፤ የኤስ አር 30 ምሳሌ ለዚህ ጥርጣሬ በቂ ምክንያት ይሰጣል። በድርቅ ጊዜ ሁለቱም ጥንዶች “ጨመሩ” የሚል ሠንጠረዥ፣ አንደኛው በእርግጥ ፕሮቲን ማምረቱን አቁሞ ሊሆን እንደሚችል ይሸሽጋል። እንዲህ ባለ ሠንጠረዥ ላይ ተመሥርቶ ዘረመል የሚመርጥ አዳቃይ ዓመታት ሊያባክን ይችላል።

ገበሬው ዛሬ የሚፈልገው የማይጋሸብ ጤፍ ነው፣ ይህ ሁሉ ቅንጦት ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ ነገር ግን እዚህ የሚጠየቀው አዲስ ገንዘብ ሳይሆን የጥያቄ ለውጥ ነው። የታተሙት ጂኖሞች ለማንም ክፍት ናቸው። የጤፍን ኤስ አር ዘረመሎች በጥንድ በጥንድ መዝግቦ የማቆሚያ ምልክቶቻቸውን መለየት ኮምፒዩተርና ትዕግሥት ያለው የማስተርስ ተማሪ የሚወጣው ሥራ ነው። ቀጥሎ ያለውም ከአቅም በላይ አይደለም፤ የጤፍ ቡቃያን ሳይክሎሄክሲማይድ በተባለው ፕሮቲን አስቋሚ ውህድ ማቆየት፣ ሊጠፉ የነበሩት መልእክቶች ሲከማቹ በተራ ፒ ሲ አርና በጄል ርዝመታቸውን ማወዳደር። ከኒውክሊየስ የማይወጡት መልእክቶች በዚህ ዘዴ አይለዩም፤ ለእነርሱ ኒውክሊየሱን ለይቶ መመርመር ያሻል። አስቸጋሪው አር ኤን ኤን ከመበስበስ መጠበቅ ነው፤ ናሙናው ወዲያው በፈሳሽ ናይትሮጅን ካልቀዘቀዘ፣ ከዚያም መብራት በሚቆራረጥ ከተማ ማቀዝቀዣው ካልታመነ፣ ጄሉ ላይ የሚታየው ጭረት የተክሉ መልስ ይሁን የብልሽት ውጤት አይታወቅም።

እስከዚያው ግን ፕራይመር የሚያዘጋጅ ተማሪ አንድ ነገር ቢያደርግ ይበቃል፦ ፕራይመሩ ፕሮቲን የሚሆነውን መልእክትና የሚጠፋውን አንድ ላይ እንዳያበዛ፣ አንደኛውን ጫፍ ሁለቱ በሚለያዩበት የኤክሶን መጋጠሚያ ላይ ማሳረፍ።