ጸጥ ያለው መንደር ለምን ጸጥ አለ?

የአየርላንድን ምዕራባዊ የባሕር ዳርቻ የሚያስተዋውቁ ጽሑፎች አንድ ቃል አይለያቸውም፦ “ጸጥታ”። በአንድ ወገን አትላንቲክ ውቅያኖስ፣ በሌላው የድንጋይ ካብ፣ መሐል ላይ የእግር መንገድ። ማታ ደግሞ ትንሽ መጠጥ ቤት፣ ቫዮሊን፣ “ሻን ኖስ” የሚሉት ያለ መሣሪያ በአንድ ሰው ድምፅ ብቻ የሚወርድ የጥንት ዜማ። ሁሉም እውነት ነው። እኔ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። እነዚህ መንደሮች ጸጥ ያሉት ለምንድን ነው?

መልሱ አጭር ነው። ሰው ስለጎደለባቸው ነው።

ከመነሻው እንየው። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) አይሪሽ የእንግሊዝኛ ዘዬ አይደለም፤ ራሱን የቻለ፣ ከእንግሊዝኛ ጋር የማይግባባ ቋንቋ ነው። በ1845 የጀመረው የድንች በሽታ ያመጣው ረሃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ገደለ፤ ሌላ አንድ ሚሊዮን ያህል አሰደደ። ክፉኛ የተመታው ድሃው፣ አይሪሽ ተናጋሪው ምዕራብ ነበር። ትምህርት ቤቱም የእንግሊዝኛ ነበር። በብዙ ቦታ አይሪሽ የተናገረ ልጅ አንገቱ ላይ እንጨት ይንጠለጠልበታል፤ ቋንቋውን በተናገረ ቁጥር እንጨቱ ይቆረጥበታል፤ በመጨረሻ ቁርጡ ተቆጥሮ ይቀጣል። ወላጅም ልጁ ተሰዶ እንጀራ የሚያገኘው በእንግሊዝኛ መሆኑን ስለሚያውቅ ይተባበር ነበር።

ዛሬ አይሪሽ በሕገ መንግሥቱ የሀገሪቱ የመጀመሪያ ኦፊሴላዊ ቋንቋ ነው። በ2022ቱ የሕዝብ ቆጠራ 1.87 ሚሊዮን ሰው “እችላለሁ” ብሏል። ከትምህርት ቤት ውጭ በየቀኑ የሚናገረው ግን 72 ሺህ ገደማ ብቻ ነው። “ጌልታክት” በሚባሉት፣ ቋንቋው የሰፈር ቋንቋ ሆኖ ቀርቶባቸዋል በተባሉት አካባቢዎች እንኳ፣ ከ106 ሺህ ያህል ነዋሪ በየቀኑ የሚናገረው 20 ሺህ ቢሆን ነው። በ“እችላለሁ” እና በ“እናገራለሁ” መካከል ያለውን ርቀት፣ ልጆቹን በውጭ ሀገር የሚያሳድግ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ያውቀዋል።

የታላቁ ብላስኬት ደሴት ታሪክ ነገሩን በደንብ ያሳያል። ኬሪ ውስጥ፣ ከዱን ኪን መንደር ፊት ለፊት ባሕሩ ላይ ያለ ደሴት ነው። ከዚያች ጠባብ ቦታ እነ ቶማስ ኦ ክሪሆንና ፔግ ሴየርስ ወጥተዋል፤ የሕይወት ታሪካቸው የአይሪሽ ሥነ ጽሑፍ መሠረት ሆኗል። ወጣቱ ግን ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በ1953 መንግሥት ነዋሪዎቹን ሲያወጣ የቀሩት 22 ሰዎች ነበሩ። በ2020 ደሴቱ ላይ ካፌና የእንግዳ ማረፊያ ለአንድ ወቅት የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ይፈለጋሉ ተብሎ ማስታወቂያ ሲወጣ፣ ከዓለም ዙሪያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አመለከተ። ልብ በሉ፤ 22 ሰው ማኖር ያልተቻለበት ደሴት ነው። ጸጥታው የተገኘው እነሱ ሲወጡ ነው።

አንዳንዱ “እንግዳ ባይመጣ ኖሮ የቀሩትም ይሄዱ ነበር” ይላል። ልክ ነው፤ ዓሣ ማጥመድና ጥቂት በጎች ብቻቸውን ቤተሰብ አያኖሩም። ነዋሪውም ራሱ ይህን ያውቃል። የዲንግል ከተማ የእንግሊዝኛ ስሟ በሕግ ቀርቶ ከ2005 ጀምሮ በአይሪሽ ብቻ “አን ዳንገን” እንድትባል ሲወሰን፣ ሰዉ ቱሪስቱ መንገድ ይጠፋበታል ብሎ ሰጋ። በ2006 ድምፅ ሲሰጥም አብዛኛው ሁለቱንም ስም የያዘውን አማራጭ መረጠ። ይህን ሕዝብ “ባህሉን ሸጠ” ብሎ መውቀስ ለእኔና ለእናንተ ቀላል ነው። የቤት ኪራዩን የሚከፍለው ግን እሱ ነው።

ስለዚህ ክርክሬ ከእንግዳው መምጣት ጋር አይደለም፤ ከአመጣጡ ጋር ነው። በዓመት ጥቂት ሳምንት ለማረፍ ብቻ ቤት የሚገዛ ሰው፣ የመንደሩን ልጅ በዋጋ ያሸንፈዋል። ያ ልጅ ሚስት አግብቶ እዚያው መኖር ካልቻለ ወደ ጎልዌይ ወይም ወደ ደብሊን ይሄዳል፤ ልጆቹም እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይሆናሉ። የጌልታክት ወጣቶች ዛሬ ከሰዋስው ይልቅ ስለ ቤት የሚጮኹት ለዚህ ነው። የመንገድ ምልክትን በአይሪሽ መጻፍ ቀላል ነው፤ ከባዱ ምልክቱን የሚያነብ ልጅ እዚያው እንዲያድግ ማድረግ ነው። ቤት ስትሠራም ሆነ ስትሸጥ ቅድሚያ ለነዋሪና ለቋንቋው ተናጋሪ የማይሰጥ መንግሥት፣ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ብቻ ቋንቋ አያድንም።

ሌላ ዓይነት እንግድነት እንዳለም ታይቷል። ዶኒጎል ውስጥ ግሌንኮልምኪል የምትባል መንደር አለች። በ1967 ካህኑ ጄምስ ማክዳየር ከነዋሪው ጋር ሆነው የባህል መንደር ከፈቱ፤ ዓላማቸው ስደቱን መግታት ነበር። በ1984 ደግሞ “ኦይደስ ጌል” የተባለ ተቋም ተመሠረተ፤ አዋቂዎች አይሪሽ ይማራሉ፣ ተራራውንም ከቋንቋው ጋር ይወጣሉ። በየጌልታክቱ ክረምት ክረምት ተማሪዎችን በቤታቸው የሚያሳድሩ እናቶችም አሉ። ልዩነቱን አያችሁ? እዚህ ሴትየዋ ገቢ የምታገኘው አይሪሽ በመናገሯ ነው። አያቶቿን ያስቀጣ ቋንቋ ለእሷ እንጀራ ሆነ።

ደብሊን፣ ለንደን ወይም ሌላ ቦታ ሆናችሁ ወደዚያ ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ ምክሬ ይኸው ነው። ከነዋሪ ቤት እደሩ፣ ከመንደሩ ሱቅ ግዙ፣ ጥቂት ቃላት ይዛችሁ ሂዱ። ሰላምታቸው ለእኛ አይከብድም። አንዱ “ዲያ ግዊት” ይላል፤ እግዚአብሔር ካንተ ጋር ይሁን ማለት ነው። ሌላው ማርያምን ጨምሮ “ዲያ ኢስ ሙሬ ግዊት” ብሎ ይመልሳል። ሰላምታን ጨምሮ መመለስ የምናውቀው ወግ ነው።

የዱን ኪን ሰዎች፣ መንግሥት በ1970 ትምህርት ቤታቸውን ሲዘጋ እምቢ ብለው ልጆቻቸውን እዚያው ማስተማራቸውን ቀጠሉ፤ በ1973 ትምህርት ቤቱ በይፋ ተከፈተ። ለጸጥታ ቢሆን ኖሮ ዝም ይሉ ነበር። እነሱ የፈለጉት የልጆች ጫጫታ ነው። ለጉብኝት የሚሄድ ሰውም ቢሆን፣ በሄደበት መንደር ያ ጫጫታ ሲሰማው ደስ ይበለው።