1 ለ 0 ስትመሩ ቡድኑን ወደ ኋላ አትጎትቱት

ለኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦች አሰልጣኞች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ አሰልጣኞች፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ሥራችሁን ንቄ አይደለም። ደመወዝ ሲዘገይ የተጫዋቹን ሮሮ ቀድማችሁ የምትሰሙት እናንተ ናችሁ። ከቤተሰብ ርቃችሁ በየከተማው ወራት ታሳልፋላችሁ፤ ሁለት ጨዋታ በተከታታይ ከተሸነፋችሁ ስማችሁ በየሬዲዮው ይነሣል። ስለ ልምምዳችሁም ሆነ ስለ ቋሚ አሰላለፋችሁ የምለው የለኝም። ቅሬታዬ ቡድናችሁ ጎል አግብቶ መምራት ከጀመረ በኋላ ስለምትወስኑት ነገር ነው።

ነገሩን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ቡድኑ እስከ ዕረፍት ኳሱን ይዞ ይጫወታል፣ ያጠቃል፣ ያገባል። ከዕረፍት መልስ ትንሽ ቆይቶ ወደ ሜዳው ጠርዝ ትወጡና በሁለት እጃችሁ «ተመለሱ፣ ተመለሱ» ትላላችሁ። 65ኛው ደቂቃ ላይ ጨዋታውን ሲያቀናብር የቆየው አማካይ ይወጣና የተከላካይ አማካይ ይገባል። 75ኛው ላይ ተጋጣሚን በፍጥነቱ ሲያስጨንቅ የነበረው የመስመር አጥቂ ወጥቶ ሦስተኛ የመሐል ተከላካይ ይጨመራል። ግብ ጠባቂው ለመልስ ምት ኳሷን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ያዛውራል፤ ጡንቻዬን ያዘኝ ብሎም ይተኛል። 88ኛው ደቂቃ ላይ ከማዕዘን የተሻማች ኳስ ተጨርፋ መረብ ላይ ታርፋለች። ከጨዋታው በኋላ በሚሰጠው አስተያየት «በትኩረት ማነስ ነጥብ ጣልን» ይባላል።

እኔ ያ ጎል በትኩረት ማነስ የገባ ነው ብዬ አላምንም። የተቆጠረው 88ኛው ደቂቃ ላይ ቢሆንም በሩ የተከፈተለት 65ኛው ላይ፣ ከተቀያሪ ወንበሩ ነው።

እስቲ ከቅያሪው በኋላ ያለችውን አንዲት ደቂቃ ቀረብ ብለን እንያት። ተከላካያችሁ ኳሷን ከግብ ክልሉ ያወጣታል። ቀደም ሲል እዚያ ቆሞ የሚቀበላት፣ ተከላካይ በጀርባው ተሸክሞ ጓደኞቹ እስኪደርሱ የሚያቆያት ሰው አሁን የለም። አጥቂ ቢኖርም ብቻውን ነው፤ የሚደርስለት የለም። ኳሷ በተጋጣሚው የመሐል ተከላካይ እግር ሥር ታርፋለች። የሚጫነው ስለሌለ ቀና ብሎ ሜዳውን ያያል፤ መሐል ሜዳውን በእርጋታ አቋርጦ ለመስመር ተጫዋቹ ያቀብላል። ይሻማል። የእናንተ ልጅ በጭንቅላቱ ገጭቶ ያወጣታል፤ ተመልሳ እዚያው ተከላካይ ጋር ትደርሳለች። ይህ በ20 ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም አስቡት። የእናንተ ተከላካዮች ሁሉንም ማዳን አለባቸው፤ ለተጋጣሚው ግን ከሁሉም አንዷ ብትገባለት ትበቃዋለች። ግብ ጠባቂው ፊት ለፊቱ ሰው ተከምሮበት ኳሷ ከየት እንደተመታች አያይም። ከሩቅ የተለቀቀች ደካማ ምት እንኳ የአንዱን ጉልበት ነክታ አቅጣጫ ትቀይራለች። ድካሙም አለ፦ ኳስ የያዘው ቡድን እያረፈ ሲጫወት፣ ኳስ ተከትሎ ከወዲያ ወዲህ የሚሮጠው መጨረሻ ላይ እግሩ ይተሳሰራል። በዚያች ሰዓት ከሚጠብቀው አጥቂ ጎን ሳይቆም የተገኘውን ተከላካይ ነው «ትኩረት አጣ» የምትሉት።

ይህ የእኛ ሀገር ችግር ብቻ ነው አልልም። እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ አርጀንቲና በርሊን ላይ ከጀርመን ጋር ስትጫወት አያላ በ49ኛው ደቂቃ በጭንቅላቱ አግብቶ 1 ለ 0 መራች። አሰልጣኙ ሆሴ ፔከርማን በ72ኛው ደቂቃ የቡድኑን አንጎል ሪኬልሜን አውጥቶ የተከላካይ አማካዩን ካምቢያሶን አስገባ። በ79ኛው አጥቂው ክሬስፖ ወጥቶ ሁሊዮ ክሩዝ ገባ። ግብ ጠባቂው ቀደም ብሎ ተጎድቶ ስለተቀየረ፣ በዚያን ዘመን የሚፈቀዱት ሦስት ቅያሪዎች በዚሁ አለቁ። አንድ ደቂቃ ሳይቆይ ክሎዘ አቻ አደረገ። የ19 ዓመቱ ሊዮኔል ሜሲ ወንበር ላይ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ማንም ሊያስገባው አይችልም። ኳስ ይዞ ጨዋታውን የሚያረጋጋው ሪኬልሜም ሜዳ ውስጥ የለም። በመለያ ምት ጀርመን 4 ለ 2 አሸነፈች፤ የመጨረሻዋን ምት የጀርመኑ ግብ ጠባቂ ሌማን ያዳነው ከካምቢያሶ ላይ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚለው አባባል እንዲህ ያለው ቀን ላይ ይሠራል። ፔከርማን የዓለም ወጣቶች ዋንጫን ሦስት ጊዜ ያነሣ ትልቅ አሰልጣኝ ነው። ትልቅ አሰልጣኝ እንኳ ፍርሃት ሲገባው ቡድኑን በገዛ እጁ ትጥቅ ሊያስፈታ እንደሚችል ለማየት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም።

በ2022ቱ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜም የአርጀንቲናው አሰልጣኝ ስካሎኒ 2 ለ 0 እየመራ በ64ኛው ደቂቃ ፈረንሳይን ሲያምሳት የዋለውን ዲ ማሪያን አውጥቶ ተከላካዩን አኩኛን አስገባ። በተቃራኒው ወንበር የነበረው ዲዲየ ዴሾ ግን ዕረፍት እንኳ ሳይጠብቅ፣ በ41ኛው ደቂቃ ዢሩንና ዴምቤሌን አስወጥቶ ቱራምንና ኮሎ ሙዋኒን አስገብቶ ነበር። 80ኛው ደቂቃ ላይ ፍፁም ቅጣት ምቱን ያስገኘው ኮሎ ሙዋኒ ነው። በ81ኛው ለምባፔ ያቀበለው ቱራም ነው። አርጀንቲና ዋንጫውን ወሰደች፤ ነገር ግን በእጇ የነበረውን ጨዋታ በመለያ ምት ነው ያገኘችው።

ደጋግሜ እንድታዩልኝ የምፈልገው ሌላ ጨዋታ አለ። በዚያው ዓለም ዋንጫ ጃፓን በጀርመን በጉንዶጋን ፍፁም ቅጣት ምት 1 ለ 0 ተመርታ ዕረፍት ወጣች። የጃፓኑ አሰልጣኝ ሃጂሜ ሞሪያሱ ከዕረፍት መልስ መጀመሪያ ተከላካዩን ቶሚያሱን አስገብቶ ኋላውን በሦስት ተከላካይ አሳሰረ። ከዚያ ለማጥቃት ተነሣ። 57ኛው ደቂቃ ላይ የግራ ተከላካዩን ናጋቶሞን አውጥቶ የመስመር አጥቂውን ሚቶማን አስገባ። 71ኛው ላይ አማካይ አውጥቶ ዶአንን ጨመረ። 75ኛው ላይ የቀኝ ተከላካዩም ሳካይ ወጣ፤ ሚናሚኖ ገባ። ሚናሚኖ ገና ከመግባቱ ሚቶማ አቀበለው፤ መታ፤ ግብ ጠባቂው ኖየር ተፋው፤ ዶአን ደርሶ አገባ። 83ኛው ደቂቃ ላይ ሌላው ተቀያሪ አሳኖ ሁለተኛውን ጨመረ። ሁለቱንም የመስመር ተከላካዮች አስወጥቶ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸነፈ። ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ገደል ወረወረ የሚል ካለ ቅደም ተከተሉን ይመልከት፤ ከኋላ ሦስት ሰው አቁሞ ነው ፊት ለፊቱን ያበዛው።

ይህ ሰው ከዚያ አራት ዓመት በፊት ምን እንዳየ ስታስታውሱ ነገሩ ይበልጥ ይገርማችኋል። በ2018ቱ የሩሲያ ዓለም ዋንጫ ሞሪያሱ በረዳት አሰልጣኝነት ወንበር ላይ ነበር። ጃፓን ቤልጂየምን 2 ለ 0 መራች። የቤልጂየሙ አሰልጣኝ ማርቲኔዝ በ65ኛው ደቂቃ ፌላይኒንና ሻድሊን ባንዴ አስገባ፤ ውጤቱ 2 ለ 2 ሆነ። በባከነ ሰዓት ጃፓን የማዕዘን ምት አገኘችና ሰው ወደ ፊት አፈሰሰች። የቤልጂየሙ ግብ ጠባቂ ኩርቱዋ ኳሷን ያዘ፤ በቅጽበት ለዴ ብሩይነ ወረወረለት፤ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ሻድሊ ጃፓንን ሸኛት። ይህን ከቅርብ ያየ ሰው «ዳግመኛ ወደ ፊት አልወጣም» ቢል ማንም አይፈርድበትም ነበር። ሞሪያሱ ግን የተማረው ሌላ ነገር ይመስላል፤ ወደ ፊት ስትወጣ ከኋላህ ማን እንደሚቀር ቀድመህ ወስን የሚለውን። እኔ የምለምናችሁ ድፍረትም ይህን የመሰለውን ነው። ግድየለሽነት አይደለም።

መከላከልንም አልጠላም። በ2010 የሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ የሞሪኒዮ ኢንተር ባርሴሎና ሜዳ ላይ ከ28ኛው ደቂቃ ጀምሮ በ10 ሰው ተከላክሎ 1 ለ 0 ብቻ ተሸንፎ በድምር ውጤት አለፈ። ያ ግን በመጀመሪያው ጨዋታ አጥቅቶ 3 ለ 1 ያሸነፈ፣ ቀይ ካርድ ያስገደደው፣ እያንዳንዱ ሰው የት እንደሚቆም የሚያውቅ ቡድን ነው። ሜዳ ላይ ምንም ሳይቸግራችሁ፣ በሙሉ ሰው፣ ተጋጣሚን በልጣችሁ እየተጫወታችሁ ማፈግፈግ ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል?

አንዳንዶቻችሁ «የእኛ ተጫዋቾች ጫና አይችሉም» ስትሉ እሰማለሁ። ይህ አነጋገር ያመኛል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣው ቡድናችን በግብፅ ሁለት ጊዜ ተመርቷል። ሉቺያኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 ያደረገው 84ኛው ደቂቃ ላይ ነው። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉበትና 4 ለ 2 አለቀ። ልክ በ51 ዓመቱ፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ የሰውነት ቢሻው ቡድን በአፍሪካ ዋንጫ ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር ሲጫወት ፍፁም ቅጣት ምት ስቷል፤ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጥቷል፤ 1 ለ 0 ተመርቷል። በ10 ሰው እያጠቃ በ65ኛው ደቂቃ በአዳነ ግርማ ጎል 1 ለ 1 ወጣ። እርግጥ ከአራት ቀን በኋላ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ተሸንፈናል። ሆኖም ያንን ቡድን ሕዝቡ እስከ ዛሬ በፍቅር ነው የሚያነሣው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ የውበቱ አባተ ቡድን ሜዳ ተከልክሎ ማላዊ ድረስ ተሰዶ፣ ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች 2 ለ 0 አሸንፏል። በዳዋ ጎል 1 ለ 0 እየመራ ሁለተኛውን ፍለጋ ባይሄድ ኖሮ ያ ምሽት እንዲህ ባላማረ ነበር። ጫና የሚችል ተጫዋች አጥተን አናውቅም።

አቻ ላይ ስትሆኑ የምታደርጉትም ያው ነው። 0 ለ 0 በሆነ ጨዋታ 70ኛው ደቂቃ ካለፈ በኋላ «አንድ ነጥብም ነጥብ ነው» ትላላችሁ። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ሦስት ጨዋታ አቻ ብትወጡ 3 ነጥብ አላችሁ። በሦስቱም ለማሸነፍ ገብታችሁ አንዱን አሸንፋችሁ ሁለቱን ብትሸነፉም 3 ነጥብ አላችሁ። ከአሥር ጨዋታ አራቱን አሸንፋችሁ ስድስቱን ብትሸነፉ 12፣ አሥሩንም አቻ ብትወጡ 10። ይህን ሁሉ የማይመስል ሽንፈት ቆጥሬ እንኳ ትርፉ በማጥቃት ነው፤ ደግሞስ ያጠቃ ሁሉ መቼ ይሸነፋል? ለድል ሦስት ነጥብ የተሰጠው ቡድኖች ለማሸነፍ እንዲጫወቱ ነው፤ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1981 ጀምራው የዓለም ዋንጫም በ1994 ተቀብሎታል። እኛ ግን ሠንጠረዡን ዛሬም ማሸነፍ 2 ነጥብ ያለ ያህል እንጫወትበታለን።

«ከሜዳችን ውጭ ነን» የሚለው ምክንያትም አቅም አጥቷል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ሲካሄድ አብዛኛው ጨዋታ ለሁለቱም ቡድን ገለልተኛ ሜዳ ላይ ነበር። ቅያሪም አምስት ሆኗል። በሦስቱ ትኩስ አጥቂና አማካይ ብታስገቡ እንኳ ሁለት ይተርፋችኋል። ሰዓት መግደልም እየከበደ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ኳስ በእጁ ከስምንት ሰከንድ በላይ የያዘ ግብ ጠባቂ ለተጋጣሚው የማዕዘን ምት ያሰጣል።

ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቃችሁ ለምን ታፈገፍጋላችሁ? የሚመስለኝን በግልጽ ልናገር። አፈግፍጎ የተሸነፈ አሰልጣኝ ይታዘንለታል። «ተከላካዩ አበላሸው»፣ «ዳኛው ሰዓት አበዛ»፣ «ዕድል ከዳን» ይባላል። አጥቅቶ የተሸነፈው ግን ስሙ ይጠፋል፤ «ለምን ያኔ አጥቂ አስገባ?» ተብሎ ውሳኔው በጣት ይጠቆማል። ስለዚህ 65ኛው ደቂቃ ላይ የምትመርጡት ለቡድኑ የሚሻለውን ሳይሆን ለእናንተ መልስ የሚቀለውን ነው። እንጀራችሁ ነውና ይገባኛል። ጉዳቱ ግን ከነጥብ ያልፋል። ሲመራ ኳስ መያዝ ያልለመደ የ20 ዓመት አማካይ ሁልጊዜ 65ኛው ደቂቃ ላይ እየወጣ ያድጋል፤ ብሔራዊ ቡድን ደርሶ መምራት የጀመረ ዕለት ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም። አላስተማራችሁትማ።

የክለብ አመራሮች ሆይ፣ ከዚህ ጥፋት ድርሻችሁ ትልቅ ነው። ሁለት ሽንፈት አይታችሁ አሰልጣኝ የምታሰናብቱ ከሆነ ደፋር ውሳኔ ከማን ትጠብቃላችሁ? ለማሸነፍ ቀይሮ የተሸነፈውን አሰልጣኝ በዚያው ሳምንት በአደባባይ ወጥታችሁ «ከጎኑ ነን» በሉት። አቻ ሲወጣ ደግሞ እየመራ ሳለ ማንን ለምን እንዳስወጣ ጠይቁት።

እናንተም አሰልጣኞች፣ የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። በሚቀጥለው ጨዋታ 1 ለ 0 ስትመሩ የደከመውን የመስመር አጥቂ በሌላ የመስመር አጥቂ ቀይሩት። ኳስ የሚይዘውን አማካይ እግሩ እስካለ ድረስ ሜዳ ውስጥ አቆዩት። ሐሙስና ዓርብ ልምምድ ላይ «እየመራን ነው፣ 20 ደቂቃ ቀርቷል» ብላችሁ ሁለተኛ ጎል ፍለጋ አጫውቷቸው። ይህን አድርጋችሁ በተሸነፋችሁ ጊዜ እኔም ብዕሬን ይዤ ለእናንተ እከራከራለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የሊጉ የዘወትር ተመልካች