ባቡሩን «ቀላል» ያሰኘው ምንድን ነው?

አመሻሹ ላይ አዲስ አበባ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ይዞ የቆመ ሰው ስለ ከተማዋ ባቡር ቢጠየቅ፣ «እሱማ ቀላል ባቡር ነው፤ የትኛውን ሕዝብ ያነሳል?» ይላል። የደከመው ተሳፋሪ ብቻ ቢለው ባለፍኩት። ግን የተማረውም፣ ስለ ከተማዋ ዕድገት በየመድረኩ የሚናገረውም ይህንኑ ይደግማል። ባቡሩ ሕዝቡን ማንሳት ያቃተው ከመነሻው ቀላል ተደርጎ ስለተሠራ ነው፤ ለአዲስ አበባ የሚመጥናት «ከባዱ»፣ ማለትም ሜትሮው ነው ይባላል። ይህ ፍጹም ስህተት ነው፤ ስህተቱም የሚጀምረው ከቃሉ ነው።

በአማርኛ ቀላል የምንለው ክብደት የሌለውን ብቻ አይደለም፤ የሚናቀውንም ነው። የምናከብረውን ሰው «ቀላል ሰው እንዳይመስልህ» የምንለው ለዚህ ነው። «ቀላል ባቡር» የሚለው ስያሜ ግን በ1972 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ነው። የአገሪቱ የከተማ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የጎዳና ትራም የሚለውን ያረጀ ስም ትቶ ለተሻሻለው ዓይነት አዲስ መጠሪያ ሲፈልግ መረጠው። ባቡሩ ደካማ ነው ለማለት አልነበረም።

የሀዲዱ ስፋትም ደረጃ አይሰጥም። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጂቡቲ ባቡር በ1,000 ሚሊ ሜትር ጠባብ ሀዲድ ላይ አገር ለአገር ጭነት ሲያመላልስ ኖሯል። በጉርድ ሾላ የሚያልፈው ቀላል ባቡር ግን እንደ ለንደኑ የምድር ውስጥ ባቡርና በ2009 ዓ.ም. እንደተመረቀው የሰበታ–ጂቡቲ መስመር በ1,435 ሚሊ ሜትር ሀዲድ ላይ ነው የሚሄደው። በስፋት ብንመድብ ሎኮሞቲቭና ትራም አንድ ምድብ ውስጥ ይገቡብናል።

በከተማ ትራንስፖርት መሐንዲሶች ዘንድ ስሙ የሚጠራው ፕሮፌሰር ቩካን ቩቺች ምድቡን የሚጀምረው ከመሬቱ ነው። ባቡሩ መንገዱን ከመኪና ጋር ይጋራል? ወይስ የራሱ መስመር ኖሮት መስቀለኛ መንገድ ላይ ብቻ ይገናኛል? ወይስ ማንም አያቋርጠውም? የመጀመሪያው ትራም፣ መካከለኛው ቀላል ባቡር፣ የመጨረሻው ሜትሮ ነው። ቴክኖሎጂውና የምልልሱ አሠራር ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

እንግዲህ በዚህ ዓይን በየካ ክፍለ ከተማ የሚያልፈውን መስመር እንየው። በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአያት–ጦር ኃይሎች መስመር 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ ሲሄድ የጎዳናውን ወገብ ይዞ፣ ግራና ቀኙን ታጥሮ ነው። ከስታዲየም እስከ ልደታ ደግሞ በድልድይ ላይ ይሄዳል። መኪና የሚያቋርጠው እጅግ በጥቂት ቦታ ነው። ስሙ ቀላል ይሁን እንጂ መሬቱን የያዘው እንደ ሜትሮ ነው።

ዋጋውን የከፈለው ደግሞ ሰፈሩ ነው። ጉርድ ሾላ ላይ ከአጥሩ ወዲህ የቆመች እናት ከአጥሩ ወዲያ ያለውን ሱቅ ታየዋለች። የባለ ሱቁን ፊት መለየት ትችላለች። ዘንቢሏን ይዛ እሱ ጋ ለመድረስ ግን እስከ መሻገሪያው ሄዳ፣ ተሻግራ፣ ያንኑ ያህል መመለስ አለባት። መኪና ያለውም ለመዞር ብቻ ነዳጅ ይጨርሳል። አንድ ጎዳና ለሁለት የሚከፈለው ባቡሩ ሳይቆም እንዲመላለስ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

እና ይመላለሳል? አንዱ ባቡር 300 ሰው ገደማ ይጭናል እንበል። በየ20 ደቂቃው ከመጣ በሰዓት ሦስት ባቡር፣ 900 ሰው ነው። ይህን 75 ሚኒባስ ያነሳዋል፤ ለዚህ ብሎ ጎዳና ማጠር በደል ነው። በየስድስት ደቂቃው ቢመጣ 3,000 ይሆናል። ሁለት ሁለቱን አጣምሮ በየሦስት ደቂቃው ቢነዳ 12,000 ሰው ነው፤ አንድ ሺህ ሚኒባስ ማለት ነው። ሀዲዱ፣ ጣቢያውና አጥሩ ያው ናቸው። የተለወጠው የባቡሩ ርዝመትና በሁለት ባቡሮች መካከል ያለው ደቂቃ ብቻ ነው። ለከተማዋ ሁለት የቀላል ባቡር መስመሮች 41 ባቡሮች ተገዝተው፣ በኋላ ከግማሽ የሚበልጡት በመለዋወጫ እጦት መቆማቸው በይፋ ተነግሯል። ተሳፋሪው «ቀላል ስለሆነ ነው» የሚለው ይህንን ነው።

መብራት ይጠፋል፣ የውጭ ምንዛሪ የለም የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። እውነት ነው፤ ታዲያ ሜትሮ ያለ መብራትና ያለ መለዋወጫ ይሄዳል? ሁለቱ መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ አንድ ሀዲድ ስለሚጋሩ ምልልሱ ሊጨምር አይችልም የሚሉም አሉ። እሱም ሲግናልን በማሻሻልና ሰዓትን በማክበር የሚፈታ ነው።

በእርግጥ ሌላ ዓይነት የሚያስፈልገው ሰፈር አለ። የብረት ጎማ በብረት ሀዲድ ላይ ዳገት አይወድም፤ ትራም ከመቶ ስድስትና ስምንት የሚሆነውን ዳገት ይወጣ ይሆናል፣ የጭነት ባቡር ግን ከመቶ ሁለት እንኳ ይከብደዋል። እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው ዳገቱን የሚወርዱትን ሴቶች ያየ ሰው፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ላለው ሕዝብ ሜትሮም ቀላል ባቡርም እንደማይደርስለት ያውቃል። የኮሎምቢያዋ ሜደሊን በ2004 እ.ኤ.አ. በገመድ የሚሄድ መጓጓዣ ተራራ ላይ አውጥታ ከሜትሮዋ ጋር አገናኝታዋለች። የካ ክርክሯን እዚህ ላይ ብታደርግ ይሻላታል።

ከተራራው በታች ላለው ግን ሜትሮው ተሠርቶለታል፤ መሬቱ ተወስዷል፣ አጥሩ ቆሟል፣ ብድሩ አገር ላይ አለ። አሁንም የዋሻ ንድፍ ይዞ የሚመጣ ባለሙያ ካለ፣ አስቀድሞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ጉርድ ሾላ ጣቢያ ይቁም። አንዱ ባቡር ሲወጣ ሰዓቱን ይይ፣ የሚቀጥለው እስኪገባም ደቂቃውን ይቁጠር።