የፍሪጅ ዋጋ ሱቅ ላይ አያልቅም፦ በጀርባው የተለጠፈችው ወረቀት ምን ትነግረናለች?

በዒድ አል-አድሓ ሰሞን በብዙ ቤት የሚደጋገም አንድ ጉዳይ አለ። ዑዱሒያው ይታረዳል፣ የዘመድና የሚስኪን ድርሻ ይከፋፈላል፣ ለቤት የቀረው ሥጋ ደግሞ በፌስታል እየተቋጠረ ባንድ ጊዜ ፍሪዘር ውስጥ ይታጨቃል። በሦስተኛው ቀን ሲከፈት መሃል ላይ ያለው በረዶ ሳይሆን ሸቶ ይገኛል። ያኔ ጥፋቱ ሁሉ በመብራት መቆራረጥ ይላከካል። ብዙ ጊዜ ግን መልሱ በማሽኑ ጀርባ ወይም በውስጡ ግድግዳ ላይ በተለጠፈች ትንሽ ወረቀት ላይ አስቀድሞ ተጽፏል።

ይህችን ወረቀት ማንበብ ዛሬ ከወትሮው ይበልጥ ያስፈልጋል። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ንሯል፤ ያገለገለ ፍሪጅ የሚፈልግ ወይም ከዐረብ አገር በዘመድ የሚያስልክ ሰውም ብዙ ነው። ሁለተኛ፣ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የመብራት ታሪፍ በአራት ዓመት ውስጥ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። ፍሪጅ ደግሞ እንደ እንጀራ ምጣድ በሳምንት ሁለቴ ተሰክቶ የሚነቀል አይደለም፤ ቀንም ሌሊትም ይቆጥራል።

ስለዚህ ከቀለሙና ከበሩ ብዛት በፊት መታየት ያለበት በዓመት የሚፈጀው ኪሎዋት ሰዓት ነው። ቁጥሩን ለ12 ማካፈል የወሩን ፍጆታ ይሰጣል። አንዱ ፍሪጅ በዓመት 180፣ ሌላው 420 ቢል ልዩነቱ 240 ነው፤ በወር 20 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በፍጆታ እርከን የተከፋፈለ ነው፤ አጠቃቀሙ ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። በወር 90 ይጠቀም የነበረ ቤት በእነዚህ 20 ምክንያት 100ን አልፎ ወደ ቀጣዩ እርከን ይገባል። በርካሽ የተገዛው ፍሪጅ እንዲህ እያለ በየወሩ ልዩነቱን ያስከፍላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በፊደላቱና በኮከቦቹ ነው። በአውሮፓ «ኤ ፕላስ»፣ «ኤ ፕላስ ፕላስ» እየተባለ ይሰጥ የነበረው ደረጃ ከማርች 1 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀርቶ ከ«ኤ» እስከ «ጂ» በሚል አዲስ መለኪያ ተተክቷል። አዲሱ መለኪያ ጠንካራ ስለሆነ የድሮው «ኤ ፕላስ» ዛሬ ከታችኞቹ ፊደላት አንዱን ሊያገኝ ይችላል። በቻይና ምልክት ላይ 1 ቁጥር ምርጡ ሲሆን 5 መጨረሻው ነው፤ በኤምሬትስና በሕንድ ግን አምስት ኮከብ ያለው ነው ምርጡ። «አምስት ነው» ብሎ የሚሸጥልን ነጋዴ የየትኛውን አገር አምስት እንደሚያወራ መጠየቅ አለብን። በዚያ ላይ ፊደሉ የሚሰጠው ከስፋቱ ጋር ተነጻጽሮ ነው። ጥሩ ፊደል ያለው ግዙፍ ፍሪጅ መካከለኛ ፊደል ካለው ትንሽ ፍሪጅ የበለጠ መብራት ሊበላ ይችላል። የማያሳስተው የዓመቱ ኪሎዋት ሰዓት ነው።

ወደ ሥጋው እንመለስ። በፍሪዘሩ በር ላይ ያሉት የበረዶ ኮከቦች ከመብራት ቁጠባ ጋር አይገናኙም፤ የሚናገሩት ስለ ቅዝቃዜ ነው። አንድ ኮከብ ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ፣ ሁለት ኮከብ 12፣ ሦስት ኮከብ 18 ነው። እነዚህ አስቀድሞ በረዶ የሆነን ምግብ ለማቆየት ናቸው። ትኩስ ሥጋን በረዶ ለማድረግ የተሠራው አራት ኮከብ ያለው ነው። እሱም ቢሆን ልክ አለው፤ ወረቀቱ ላይ «በ24 ሰዓት 4 ኪሎ» ከተባለ 20 ኪሎ ባንዴ ማጨቅ ሥጋውን ለብልሽት ማጋለጥ ነው። በትንሽ በትንሹ ማስገባት፣ ከልኩ የተረፈውንም ሳይበላሽ ለጎረቤትና ለችግረኛ መጨመር ይሻላል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በሩን አለመክፈት ነው፤ ሞልቶ የተዘጋ ፍሪዘር እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነው እስከ 24 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል። ተራው ፍሪጅ ግን ከ4 ሰዓት በላይ አይታመንም።

የአየር ጠባዩም ተጽፏል። «ኤን» የሚል ፍሪጅ የተሠራው እስከ 32 ዲግሪ ለሚሞቅ ክፍል ነው፤ «ኤስቲ» እስከ 38፣ «ቲ» ደግሞ እስከ 43 ዲግሪ። አዲስ አበባ ላይ ያለችግር የሚሠራው «ኤን» ሰመራ ወይም ድሬዳዋ ሲሄድ ሞተሩ ዕረፍት ያጣል።

ከውጭ ለሚያስልኩ ወገኖች አንድ ማሳሰቢያ አለ። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የኤምሬትስ፣ የኳታርና የኩዌት 50 ኸርዝ ሲሆን የሳዑዲ ዐረቢያ ግን 60 ነው። ለ60 ብቻ የተሠራ ተራ ኮምፕረሰር በ50 ሲሠራ ይግላል፣ ዕድሜውም ያጥራል። «50/60» የሚል ከሆነ ችግር የለውም። ከአሜሪካ የሚመጣው የ110 ወይም 120 ቮልት ፍሪጅ ደግሞ ያለ ትራንስፎርመር ከተሰካ ይቃጠላል።

የመጨረሻው ነጥብ የነጋዴውን አማና ይመለከታል። ያገለገለ ፍሪጅ ላይ ወረቀቱን መላጥ፣ የተበየደ ቱቦን በቀለም መሸፈን፣ የላላ የበር ጎማን ዝም ማለት «የንግድ ብልሃት» አይደለም። ዐይብን ደብቆ መሸጥ በሸሪዓችን የተከለከለ ነው፤ የተሸወደው ገዢም ዕቃውን የመመለስ መብት አለው። ገዢም የራሱን ድርሻ ይወጣ፦ ሳይከፍል በፊት ያሰካ፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይጠብቅ፣ በበሩ ጎማ መሃል ወረቀት አስገብቶ ይሳብ። ወረቀቱ ያለ ምንም መያዝ ከወጣ ቅዝቃዜውም፣ ገንዘቡም በዚያው እየወጣ ነው።

በየቤታችን ውሃ ለዉዱእ ስናባክን ኢስራፍ መሆኑን ለልጆቻችን እናስተምራለን። ሃያ አራት ሰዓት በከንቱ የሚቆጥረው ቆጣሪም የዚሁ ትምህርት አካል ነው። ወላሁ አዕለም።