ልጃችሁ ስለ ጠረኑ መጀመሪያ ከእናንተ ይስማ

 

ዛሬ ብዙ ወላጆች በውስጥ መስመር እየጻፉ የሚጠይቁኝን፣ ፊት ለፊት ለማንሳት ግን የሚያፍሩበትን ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ። 9፣ 10፣ 11 ዓመት ስለሞላቸው ልጆች የሰውነት ጠረን ነው።

በአንድ ታሪክ ልጀምር። ማንነቷ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገሮችን ቀይሬያለሁ። አንዲት እናት የ10 ዓመት ልጇን ይዛ ክሊኒክ መጣች። "ዶክተር፣ ጠዋት ጠዋት ሆዴን ትላለች፤ ትምህርት ቤት መሄድ ጠልታለች" አለችኝ። መረመርኳት፣ ላቦራቶሪም አዘዝኩ፤ ምንም የለም። ደረቷን ከጎን በኩል ላዳምጥ ብዬ ክንዷን ከፍ እንድታደርግ ስጠይቃት ግን እምቢ አለች። ቀስ ብዬ አግባብቻት ሳይ ብብቷ ቀልቷል፣ ተላልጧል። ለካ ክፍል ውስጥ "ትሸቻለሽ" ተብላ፣ ለማንም ሳትናገር በየቀኑ በልብስ ዱቄት ሳሙና ስታሸው፣ ላዩ ላይ ደግሞ ሎሚ ስትቀባ ነው የከረመችው። እናትየው እንባዋ መጣ። "ጠረኗ እንደተቀየረ አውቅ ነበር እኮ፤ ግን ገና ልጅ ናት፣ ምን ብዬ ልንገራት ብዬ ዝም አልኩ" አለችኝ።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ "ምን ብዬ ልንገራት" የሚለው ነው።

እውነቱን ለመናገር ጉዳዩ እኔንም ይነካኛል። 6ኛ ክፍል እያለሁ አንድ መምህር ገና ክፍል ከመግባታቸው "መስኮት ክፈቱ፣ ዛሬ ሳይታጠብ የመጣ አለ" አሉ። ተማሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ግን እኔ እንደሆንኩ አውቄያለሁ። የዚያን ቀን ማታ ታላቅ እህቴ ጓዳ ጠራችኝና ሳሙናና ትንሽ ፎጣ ሰጠችኝ። "እያደግክ ነው፤ እኔም በአንተ ዕድሜ እንዲሁ ነበርኩ፤ እንዲህ አድርገህ ትታጠባለህ" ብላ አሳየችኝ። በቃ፣ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። መምህሩም እህቴም የነገሩኝ አንድ ነገር ነው። የአንዱን ስሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ነበር፤ የሌላዋን እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

ስለዚህ አቋሜ ይሄ ነው፦ ልጅ ስለ ጠረኑ መስማቱ አይቀርም፤ እኛ መምረጥ የምንችለው ከማን እና እንዴት እንደሚሰማ ነው።

ጠረኑ ከየት ይመጣል?

ቆዳችን ላይ ሁለት ዋና ዋና ዓይነት የላብ እጢዎች አሉ። አንደኞቹ ከሕፃንነት ጀምሮ መላ ሰውነታችን ላይ የሚሠሩ ናቸው፤ ውሃና ጨው እያወጡ ሙቀታችንን ያበርዳሉ። የ5 ዓመት ልጅ ቀኑን ሙሉ ሲሯሯጥ ውሎ በላብ ተጠምቆ ቢመጣም እንደ ትልቅ ሰው የማይሸተው ለዚህ ነው። ሁለተኞቹ በብዛት ብብትና ብልት አካባቢ ይገኛሉ። እነዚህ እስከ ጉርምስና ዋዜማ ድረስ ተኝተው ይቆዩና ሆርሞን ሲቀሰቅሳቸው ቅባትና ፕሮቲን ያለበት ወፈር ያለ ላብ ማመንጨት ይጀምራሉ። ላቡ ራሱ ሲወጣ ሽታ የለውም ማለት ይቻላል። ጠረኑ የሚመጣው ቆዳችን ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሲሰባብሩት ነው።

ብዙ ወላጆችን የሚያስደነግጠው "ገና ምንም ሳይታይባት እንዴት?" የሚለው ነው። ከኩላሊት በላይ የሚገኙት አድሬናል የተባሉ እጢዎች ከ6 እስከ 8 ዓመት ገደማ ጀምሮ የሚያመነጩት ሆርሞን ይጨምራል። ስለዚህ ጡት ሳያጎጠጉጥ፣ ድምፅ ሳይጎረንን ጠረን ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። ዋናው ጉርምስና ደግሞ በሴቶች ከ8 እስከ 13፣ በወንዶች ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ ይጀምራል።

ልብ በሉ፣ ይሄ ሁሉ የንጽሕና ጉድለት አይደለም። በየቀኑ የሚታጠብ ልጅም ጠረኑ ይቀየራል። እንዲያውም በምሥራቅ እስያ ብዙ ሰዎች በአንድ ጂን ልዩነት ምክንያት የብብት ጠረን እምብዛም የላቸውም። ከእኛ በላይ ስለሚታጠቡ አይደለም፤ የተፈጥሮ ነገር ነው።

ሁለቱ ስህተቶቻችን

እኛ ጋ ጠረን ከአስተዳደግ ጋር ይያያዛል። የሚሸት ልጅ ማለት ያልታጠበ፣ ያልታጠበ ልጅ ማለት ደግሞ እናቱ ችላ ያለችው ተደርጎ ይወሰዳል። ስለዚህ ወላጅ የልጁን ጠረን ሲሰማ ራሱ የተከሰሰ ይመስለዋል። ከዚያ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ይቆጣል። "ኧረ ሂድ ታጠብ፣ ገማህ እኮ!" ይባላል፤ እህት ወንድም እየሰማ፣ አንዳንዴም እንግዳ ፊት። ሁለቱም ልጁን አይጠቅሙትም። ዝምታው ለክፍል ጓደኞቹ አሳልፎ ይሰጠዋል፤ ቁጣው ደግሞ ሰውነቱን እንዲጠላና ነገ ሌላ ለውጥ ሲያይ ለእናንተ እንዳይነግራችሁ ያደርገዋል።

"ስለ ሰውነት ለውጥ ማውራት የልጅ ዓይን መግለጥ ነው" የሚሉ ወላጆችም አሉ። ስጋታቸው ይገባኛል። ግን ለውጡን የጀመረው ሆርሞኑ ነው፣ የእኛ ወሬ አይደለም። ልጁ ለውጡን እያየው ነው፤ የጎደለው የሚያስረዳው ሰው ነው።

እንዴት እንንገራቸው?

ለብቻ፣ ረጋ ባለ ሰዓት ይሁን። ከትምህርት ቤት ደክሞ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ አይሁን። ለምሳሌ እንዲህ ማለት ይቻላል፦ "ና እስቲ የኔ ጌታ፣ አንድ ነገር ላጫውትህ። ሰውነትህ ማደግ ጀምሯል። ልጅ ሲያድግ የላቡ ጠረን ይቀየራል፤ እኔም አባትህም በዚህ አልፈናል። ከዛሬ ጀምሮ እንደ ትልቅ ሰው የራስህ ሳሙናና ፎጣ ይኖርሃል።" ለሴቷም እንዲሁ፤ "ነይ የኔ እናት" ብላችሁ ጀምሩ። አባቶች፣ ይሄን ለእናት ብቻ አትተዉት፤ በተለይ ወንድ ልጅ ከእናንተ ሲሰማ ይቀለዋል።

በተግባር ምን እናድርግ?

1. በየቀኑ ብብት፣ ብሽሽትና እግር በሳሙና ይታጠብ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር እንደምንኖር አውቃለሁ። ሙሉ ሻወር የግድ አይደለም፤ አንድ ጆግ ውሃና ሳፋ ለእነዚህ ቦታዎች ይበቃል። ከታጠቡ በኋላ በደንብ ማድረቅ አይረሳ።

2. ልብሱን አትርሱ። ብዙ ጊዜ ልጁ ታጥቦ ዩኒፎርሙ ነው የሚሸተው። ሳምንቱን ሙሉ የሚለበስ ሹራብ ብብቱ ላይ ላብና ባክቴሪያ ያከማቻል። ከውስጥ የጥጥ ካናቴራ አድርጎ በየቀኑ ይቀይር። ሹራቡ ሲታጠብ ተገልብጦ ብብቱ በደንብ ይታሽ፣ ፀሐይ ላይ ይድረቅ። ካልሲ በየቀኑ ይቀየር፤ ጫማም ከተቻለ እያፈራረቁ ማድረግ ጥሩ ነው።

3. መታጠብ ብቻውን ካልበቃ ዲዮድራንት መጠቀም ይቻላል። ዲዮድራንት ጠረንን ይቀንሳል፤ አንቲፐርስፒራንት የሚባለው ደግሞ በውስጡ ባለው አልሙኒየም ላቡን ራሱን ይቀንሳል። ለልጅ መጀመሪያ ሽቶ ያልበዛበትን ተራ ዲዮድራንት ሞክሩ። አንቲፐርስፒራንት ካስፈለገ ማታ ደረቅ ቆዳ ላይ ሲቀባ የተሻለ ይሠራል። "ካንሰር ያመጣል" ለሚለው ወሬ፣ እስካሁን የተደረጉ ጥናቶች የጡት ካንሰር እንደሚያመጣ አላረጋገጡም። ከባድ የኩላሊት ሕመም ያለበት ልጅ ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። ቆዳው ካሳከከ ወይም ከቀላ ያቁም።

4. ሎሚ፣ ቤኪንግ ሶዳና የልብስ ሳሙና ብብት ላይ አይደረግ። ቆዳን ያቃጥላሉ፤ ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ክፉኛ ሊቆስልና ሊጠቁር ይችላል። ሽቶም ጠረኑን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም፤ አስም ያለበትን ልጅ ሊያስነሳበት ይችላል።

5. የብብት ፀጉር ከጀመረ ማሳጠር ይቻላል፤ ግዴታ ግን አይደለም። ምላጭ በፍጹም ከሌላ ሰው ጋር አይጋራ።

6. ምግብም ድርሻ አለው። ነጭ ሽንኩርት ጠረን ይቀይራል። አብሽ የሚጠጣ ልጅ ላቡና ሽንቱ ጣፋጭ የሆነ ሽታ ሊኖረው ይችላል፤ ይሄ ብቻውን በሽታ አይደለም።

ሐኪም ጋ መቼ እንሂድ?

ሴት ከ8 ዓመት በፊት፣ ወንድ ከ9 ዓመት በፊት ጠረን ከጀመሩና አብሮት የብብት ወይም የብልት ፀጉር፣ ብጉር፣ የጡት ማደግ ወይም ፈጣን የቁመት ለውጥ ካለ መታየት አለባቸው። ታጥቦም የማይለቅ የዓሣ ዓይነት ሽታ፣ ብብት ወይም ብሽሽት ላይ እየተመላለሰ የሚወጣ እብጠት፣ ሳይሞቅ እጅና እግርን የሚያረጥብ ላብ፣ ወይም ብልት አካባቢ ማሳከክና ፈሳሽ ካለም እንዲሁ። ሌሊት አንሶላ የሚያርስ ላብ ከሳል፣ ከትኩሳት ወይም ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ የሳንባ ነቀርሳ መሆን አለመሆኑ ይመርመር። ውሃ ጥም የበዛበት፣ ቶሎ ቶሎ የሚሸና፣ የከሳ ልጅ ትንፋሹ እንደበሰለ ፍራፍሬ ከሸተተ ግን የስኳር በሽታ ድንገተኛ ችግር ሊሆን ይችላል፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ውሰዱት።

ለመምህራንም አንድ ቃል አለኝ። ክፍል ውስጥ ጠረን ካስተዋላችሁ በተማሪዎች ፊት አታንሱት። ልጁን ለብቻው ጠርታችሁ አናግሩት፤ ወይም ለወላጁ ንገሩ። እናንተ በአንድ ደቂቃ የምትረሱትን ልጁ ዕድሜ ልኩን ያስታውሰዋል። ከራሴ ነው የምነግራችሁ።

ያቺ ልጅ ሎሚውን አቆመች፣ ቆዳዋን የሚያስታግስ ቅባት ሰጠኋት። ከሁሉም በላይ ግን የዚያን ቀን ከእናቷ ጋር እዚያው ክሊኒክ ተቀምጠው አወሩ። እናትየዋ "እኔም በአንቺ ዕድሜ እንዲህ ነበርኩ" ስትላት ልጅቷ ቀና ብላ "እውነትሽን ነው?" አለቻት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲመጡ ቆዳዋ ድኖ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት የነበረውም የሆድ ሕመም ጠፍቷል።

9 ዓመት የሞላው ልጅ ካላችሁ ጠረኑ እስኪመጣ አትጠብቁ። ዛሬ ማታ ጠራ አድርጋችሁ አጫውቱት።

ጽሑፉ ይጠቅማል ብላችሁ ካሰባችሁ ልጅ ላለው ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት። እናንተስ በልጅነታችሁ ይሄን ነገር ማን ነገራችሁ?

ጤና ይብዛላችሁ!