ሙዚቃን አንብቦ ለማወቅ የሚሻ ተማሪ ወዴት ይሂድ?

ባለፈው ሴሚስተር አንድ ወዳጄ ስለ ታላላቅ የሙዚቃ ደራሲዎች የሚናገር ደኅና መጽሐፍ እንድፈልግለት ለመነኝ። ስሙን ወደማልጠራው አንድ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ብፈልግ ያገኘሁት ቅጾቹ የተጓደሉ አንድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ዕውቀት ብቻ ነው። ባክም፥ ቤትሆቨንም፥ ብራምስም ስማቸው በአንድ ፊደል ይጀምራልና በአንድ ቅጽ ውስጥ ተጠጋግተው ቆዩኝ። ያሬድ ሊገኝበት የሚገባው የመጨረሻው ቅጽ ግን የለም። ይህን ለወዳጄ ብነግረው ሳቀና «ያሬድ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ክላሲካል የሆነው?» አለኝ። ይህችን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ይህች ጥያቄ ናት።

ክላሲካል የምንለው ሥርዓት የተበጀለት፥ ምልክት የተጻፈለት፥ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲወርድ የኖረ ዜማ ከሆነ፥ የእኛው ምን ይጎድለዋል? ግዕዝ፥ ዕዝልና አራራይ የተባሉ ሦስት ስልቶች አሉት። ይዘቱ፥ ድፋቱ፥ ቅናቱ፥ ርክርኩ ከቃሉ በላይ ይጻፋል፤ የዚህም ሥርዓት ጀማሪዎች በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሆኑ ይነገራል። ባክ በ1723 እ.ኤ.አ. ላይፕሲግ ከገባ በኋላ፥ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፥ ለየሰንበቱና ለየበዓሉ ዜማ ይደርስ ነበር። ድጓም የተሰደረው በዓመቱ በዓላት ተራ ነው። እንግዲህ ባክን እንጣል ማለቴ ሳይሆን፥ አንዱን የተረዳ ሌላውን ለመረዳት አይቸገርም ማለቴ ነው።

የሚነበብስ አለ ወይ? አለ። የሊቀ ሥልጣናት ሀብተ ማርያም ወርቅነህ «ጥንታዊ የኢትዮጵያ ሥርዓተ ትምህርት» የዜማ ቤትና የቅኔ ቤት ትምህርት እንዴት እንደሆነ በአማርኛ ያስረዳል። ማይክል ፓውን በ1968 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የኢትዮጵያ ሙዚቃ መግቢያ መንፈሳዊውንም ዓለማዊውንም ስለሚዳስስ ለጀማሪ ይበጃል። ጠለቅ ማለት ለሚሻ፥ ኬይ ሸለመይና ፒተር ጄፍሪ ከ1993 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. በሦስት ቅጽ ያወጡት ሥራ የምልክቶቹን መፍቻ ይዟል። የደብረ ኤልያሱ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ከቤተ ክህነት ትምህርት ተነሥተው እንዴት የተውኔትና የመዝሙር ደራሲ እንደሆኑ ለማወቅ ደግሞ ዮሐንስ አድማሱ የጻፈውን ይመለከቷል። ከንባቡ ጋር የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን (1923–2023 እ.ኤ.አ.) ፒያኖ መስማት አይዘንጋ፤ ስለ ሙዚቃ የተጻፈ መጽሐፍ አንባቢውን ለመስማት ካላስነሣው ድካሙ ከንቱ ነው።

የሚያሳዝነው፥ ስለ ራሳችን ዜማ ከተጻፉት ከእነዚህ አንዳንዶቹ በባዕድ ቋንቋ፥ በባዕድ አገር ታትመው ዋጋቸው ከተማሪ ኪስ በላይ መሆኑ ነው። ከሰሜን አሜሪካ የታተመ መጽሐፍ ስለ ድጓ ምልክት ሲያስተምረን፥ ከግቢያችን ብዙ ሳይርቅ ድጓውን በቃል የያዙ መሪጌታ መኖራቸውን እንረሳለን። እርሳቸው ሲያልፉ ግን የሚተካቸው ቅጽ ከየትም አይታዘዝም።

ስለዚህ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፥ እያንዳንዳችን የአንድ ስኒ ቡና ዋጋ አዋጥተን ማኅበራችን እነዚህን መጻሕፍት አንድ አንድ ቅጂ ይግዛ። ሁለተኛ፥ ለዕረፍት ወደ ደብረ ኤልያስ፥ ወደ ዲማ፥ ወደ ደብረ ወርቅ የምንሄድ ሁሉ መምህራኑን አስፈቅደን የተማሩበትን ቤትና የመምህሮቻቸውን ስም ጽፈን እንምጣ። የመንዙማውን ሼኽና የመሰንቆውን አዝማሪ የሚያውቅም እንዲሁ ያድርግ። እኔ የአጎቴን የድጓ መምህር ለመጠየቅ ደብተሬን አዘጋጅቻለሁ፤ ያ ወዳጄም አብሮኝ ሊሄድ ቃል ገብቷል።