ፈታሹ ያሳለፈው እንግዳ

ባለፈው ሰሞን በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ክፍል የሚሠራ ወጣት ወዳጄ ፊቱ ጠቁሮ ከቤቴ መጣ። የመሥሪያ ቤቱን ስም ማንሣት አያስፈልግም። ቡናው እስኪፈላ እንኳ መታገሥ አቅቶት ነገሩን ዘረገፈው።

ነገሩም እንዲህ ነው። የሠራተኞቹን ጉርድ ፎቶግራፍ እያሳነሰ ለመታወቂያ ወረቀት የሚያዘጋጅ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ከኢንተርኔት ላይ ያገኛል። ፕሮግራሙ ዌብአሴምብሊ በሚባለው አጻጻፍ የታሸገ ሞጁል ነው። ልጁ ጥንቁቅ ነውና እንዳገኘው አላስኬደውም፤ አስቀድሞ በፈታሽ መሣሪያ መረመረው፤ ፈታሹም ምንም ጉድለት አላገኘበትም። ከዚያ በኋላ በዋናው ሰርቨር ላይ አስኬደው። በማግሥቱ ገብቶ ቢመለከት ከ400 የሚበልጡት ፎቶግራፎች የአውራ ጣት ጥፍር አክለው ተቀምጠዋል፤ ዋናዎቹ ግን የሉም። ሞጁሉ ትንሹን ሥዕል በጻፈ ቁጥር ትልቁን ሲሰርዝ አድሯል።

«ጋሼ፥ ፈታሹ እኮ አሳልፎታል!» አለኝ ደጋግሞ።

ልጁ እውነቱን ነው፤ ፈታሹም አልዋሸም። እንግዲህ በሁለት እውነተኞች መካከል 400 ፎቶግራፍ እንዴት ጠፋ? የዛሬው ወጋችን ስለዚሁ ነው።

ዌብአሴምብሊ ምንድን ነው ቢሉ፥ በሲ ወይም በረስት ወይም በሌላ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ሥራ በማናቸውም ዓይነት ኮምፒዩተር ላይ እንዲሄድ ተደርጎ የሚታሸግበት ጽሕፈት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ታላላቆቹ ብራውዘሮች ተቀበሉት፤ በዲሴምበር 2019 ደግሞ የድረ ገጽ ደንብ የሚያወጣው ደብልዩ-ሦስት-ሲ የተባለው ማኅበር በደንብነት አጸደቀው። ስሙ «ዌብ» ይበል እንጂ ዛሬ በሰርቨሮችም ላይ ይሠራል፤ የወዳጄም ጣጣ የመጣው በዚያ በኩል ነው።

የፈታሹ ሥራ በእውነቱ የሚደነቅ ነው። መጀመሪያ የፋይሉን 8 ባይት ያያል፤ እነዚህም 0፥ 97፥ 115፥ 109፥ ቀጥሎም 1 እና ሦስት ዜሮዎች መሆን አለባቸው። ከዚያ በኋላ ክፍሎቹ በተወሰነላቸው ተራ መቀመጣቸውን ይመለከታል። ዋናው ድካሙ ግን እያንዳንዱን ትእዛዝ በየተራ ማንበቡ ላይ ነው። «ደምር» የሚል ትእዛዝ ሲያገኝ፥ ከዚያ አስቀድሞ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ቁጥሮች በቁልሉ ላይ መቀመጣቸውን ያረጋግጣል፤ አንዱ ሙሉ ቁጥር ሌላው ባለ ነጥብ ቁጥር ቢሆን ሞጁሉን በሙሉ ይጥለዋል። ወደ ፈለገው ቦታ መዝለል የሚባል ነገርም አይፈቀድም፤ መንገዱ ሁሉ በታወቀ በር ተገብቶ በታወቀ በር የሚወጣበት ነው። ይህንን ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ ከላይ እስከ ታች አንብቦ ይጨርሳል። ኮንራድ ዋት የተባለ የካምብሪጅ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ይህ ደንብ እንደማይፈርስ በኮምፒዩተር በተመረመረ የሒሳብ ማስረጃ አሳይቷል፤ ይህን ሲያደርግም በረቂቁ ደንብ ውስጥ ጥቂት ስሕተቶች አግኝቶ እንዲታረሙ አድርጓል። እኔ እንደዚህ ያለ ማስረጃ ያለው ደንብ በሌላ በኩል ብዙ አላየሁም።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ስለ ቅርጽ ነው። አንባቢያችን በመዝገብ ቤት ሠርተው ከሆነ ነገሩን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። አንድ ማመልከቻ ሲመጣ ቀኑ፥ ቁጥሩ፥ ፊርማው፥ ማኅተሙ ይታያል፤ ሁሉም ከተሟላ ይመዘገባል። ማመልከቻው የተሟላ ነው ማለት ግን የተጠየቀው ነገር ይሰጠው ማለት አይደለም፤ ያን የሚወስነው ሌላ ሰው በሌላ ጠረጴዛ ነው። ወዳጄ የመዝገብ ቤቱን ማኅተም የዋና ሥራ አስኪያጁ ፈቃድ መስሎት ነው የተሸወደው።

ይህም በእርሱ ብቻ የደረሰ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2019 መጀመሪያ ድረስ ኮይንሃይቭ የተባለ አገልግሎት ነበር። ይህ አገልግሎት ድረ ገጽ የከፈተውን ሰው ኮምፒዩተር፥ ብዙ ጊዜም ባለቤቱ ሳያውቅ፥ ሞኔሮ የሚባለውን የኢንተርኔት ገንዘብ ለማምረት ያሠራ ነበር፤ ለዚህም የሚጠቀመው ዌብአሴምብሊን ነው። በ2019 በጀርመን አገር ተመራማሪዎች 1 ሚሊዮን ድረ ገጾችን ፈትሸው ውጤቱን አሳተሙ። ከ600 ገጾች አንዱ ዌብአሴምብሊ ይዞ ተገኘ፤ ከእነዚህም ውስጥ ከግማሽ የሚበልጡት ለክፉ ሥራ የተሰማሩ ነበሩ፤ ዋናውም ይኸው የሰውን ማሽን እየበዘበዙ ገንዘብ ማምረት ነው። ልብ ይበሉ፤ የሄዱት ሞጁሎች ሁሉ ብራውዘሩ ፈትሾ ያሳለፋቸው ናቸው፤ ያልተፈተሸ ሞጁል አይሄድምና። ሌባው ንጹሕ ልብስ ለብሶ በዋናው በር ገባ ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ያን ማታ ከወዳጄ ጋር ተቀምጠን የሞጁሉን ሆድ ዕቃ ገለጥነው። ዋዝም-ኦብጅደምፕ የሚባል መሣሪያ አለ፤ በነፃ ይገኛል፤ የሞጁሉን ክፍሎች አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት ኢምፖርት የሚባለው ዝርዝር ነው። ለምን ቢባል፥ ሞጁል በራሱ ፋይል ሊከፍት፥ ሰዓት ሊያይ፥ ወደ ውጭ ሊልክ አይችልም፤ ከማስላት በቀር እጅ የለውም። እጅ የሚሆኑት የሚያስኬደው ክፍል የሚያውሰው ተግባሮች ናቸው፤ የሚፈልጋቸውንም በዚህ ዝርዝር ላይ በግልጽ ጽፎ ይመጣል። ሳይጽፍ የሚያገኘው የለም።

እኛም አነበብን። «ፋይል ክፈት» የሚለው አለ፤ ይሁን፤ ሥዕል ያለ ፋይል አይሆንም። «ጻፍ» የሚለው አለ። ወረድ ብሎ ግን ፓዝ-አንሊንክ-ፋይል የሚል ተቀምጧል፤ ይኸውም ፋይል መሰረዣ ነው። ሥዕል ለማሳነስ የመጣ እንግዳ መሰረዣ ምን ያደርግለታል? ልጁ ዝርዝሩን አይቶ ዝም አለ። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ንባብ ነበር።

ከዚህም የባሰው ሌላው ነው። ሞጁሉ ሊደርስበት የሚችለው ሲነሣ በተሰጠው ማኅደር ውስጥ ብቻ ነው፤ ወዳጄ ግን ዋናዎቹ ፎቶግራፎች ያሉበትን ማኅደር እንዳለ አስረክቦታል። ቅጂውን ቢሰጠው ኖሮ እንግዳው የፈለገውን ቢሰርዝ ጉዳቱ በቅጂው ላይ ይቀር ነበር። እኔ በበኩሌ ከፈታሹም ከዝርዝሩም ይልቅ ይህን እፈራለሁ፤ የምንሰጠውን ሳንቆጥር እንሰጣለንና።

«እስቲ ላየው ብቻ» ብለው የሚያስነሡም ይጠንቀቁ። አንዳንድ ሞጁል «ስታርት» የሚባል ክፍል አለው፤ በዚያ የተጠቀሰው ተግባር ማንም ሳይጠራው ሞጁሉ ገና ሲነሣ ይሠራል። ስለዚህ መርምሮ ማስነሣት ነው እንጂ አስነሥቶ መመርመር አይሆንም። በውስጡ የሚገኙትን ስሞችም አይመኑ፤ «አሳንስ» የሚል ስም የሰጠው ጸሐፊው ነው፤ ፈታሹ ስሙ ከሥራው ጋር መስማማቱን አይጠይቅም።

መጨረሻ የሌለው ዙርም ለፈታሹ ትክክል ነው። አንድ ፕሮግራም ይቆማል ወይስ አይቆምም የሚለውን ለሁሉም የሚመልስ ዘዴ እንደሌለ አለን ቱሪንግ ገና በ1936 አስረድቷል። መድኃኒቱ ወሰን ማድረግ ነው፤ ለምሳሌ ዋዝምታይም የተባለው ማስኬጃ ለሞጁሉ እንደ ነዳጅ ሰፍሮ ሊሰጠው ይችላል፤ ሲያልቅበት ይቆማል። ሜሞሪውንም እንዲሁ ይመልከቱ። የሚለካው እያንዳንዱ 65,536 ባይት በሆነ ገጽ ነው፤ ሞጁሉ ጣሪያ ካልጻፈ በተለመደው ዓይነት እስከ 4 ጊጋባይት ሊጠይቅ ይችላልና፥ ጣሪያውን አስኪያጁ ያብጅለት።

ፍተሻው ሰርቨሩ ላይ ባለው ማስኬጃ ልክ መሆን እንዳለበትም አይርሱ። ደንቡ እያደገ ስለሆነ በጠረጴዛዎ ላይ ያለው አዲስ መሣሪያ ያሳለፈውን አሮጌው ሰርቨር ሊመልሰው ይችላል። ማስኬጃው ራሱም ቢሆን ስሕተት አያጣውም፤ በ2021 ክሬንሊፍት በተባለው ኮምፓይለር ውስጥ፥ ሞጁል ከተከለለለት ሜሞሪ ውጭ ሊደርስ የሚችልበት ቀዳዳ ተገኝቶ ተደፍኗል። ያላሳደሰ ሰው ቀዳዳው እንዳለ ነው።

ወዳጄ አሁን ለእያንዳንዱ ሞጁል አንድ ወረቀት ይከፍታል። የኢምፖርቱን ዝርዝር ይጽፋል፤ ከጎኑም «ለምን ያስፈልገዋል» የሚል ዓምድ አለ፤ መልስ ያጣበትን አያስኬድም። ከታች የፋይሉን የሻ-256 አሻራ ያሰፍራል፤ ሰኞ የተመረመረውና ሐሙስ ሰርቨሩ ላይ የሚወጣው አንድ ፋይል መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው።

የፎቶግራፎቹን ነገር የጠየቃችሁኝ እንደሆነ፥ ከግማሽ የሚበልጡት በአንድ አሮጌ ዲስክ ላይ ተገኝተዋል። የቀሩት ሠራተኞች በየተራ እንደ ገና ፎቶግራፍ እየተነሡ ነው፤ ካሜራውን ይዞ «ትንሽ ቀና ይበሉ» የሚላቸውም ወዳጄ ነው።